ቡድኑ ሄደ፣ ቂሙ ቀረ

ዛሬ ስለ ፍቅረኛ ኩርፊያም ሆነ ስለ አማት ምላስ አላወራችሁም። የዛሬው ወሬዬ ኳስ ነው። «ኤጭ! የኳስ ወሬ ስፖርት ገጽ ላይ አለ አይደል እንዴ?» እንዳትሉኝ። የአንድ እናት ልጆችን ዘጠኝ ዓመት ያኮራረፈ ኳስ የስፖርት ገጽ ጉዳይ አይደለም፤ የዚህ ገጽ ጉዳይ ነው። ሰዎቹ ደግሞ ሩቅ አይደሉም፤ ታላላቅ ወንድሞቼ ናቸው። ስማቸውን አልጠራም። የሰፈሬ ሰዎች እንደሆናችሁ ታውቋቸዋላችሁ፤ ዝም በሉ።

ትልቁ፣ እኔ ወንድም ጋሼ የምለው፣ ሲያትል ነው የሚኖረው። መካከለኛው ኦክላሆማ ሲቲ። ሁለቱም አሜሪካ፣ ሁለቱም በየወሩ ለእማዬ የሚልኩ፣ ሁለቱም እግዜርን የሚፈሩ ልጆች ናቸው። ግን አንዱ የሌላውን ስልክ አያነሳም ነበር። በዓል ሲሆን እማዬ በአንዱ ጆሮ «ታላቅህ እንኳን አደረሰህ ብሎሃል»፣ በሌላው ጆሮ «ታናሽህ እንኳን አደረሰህ ብሎሃል» እያለች ያላሉትን ስታመላልስ ዘጠኝ ፋሲካ አለፈ። የእናት ውሸት እንደሆነ ሁለቱም ያውቃሉ። እሷም እንደሚያውቁ ታውቃለች።

ጠቡ የመጣው በቅርጫት ኳስ ነው። ነገሩ እንዲገባችሁ ከሥሩ ልጀምርላችሁ። ስለ አሜሪካው ኳስ የምጠራቸው ዓመቶች በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

አረንጓዴዋ ካናቴራ

ወንድም ጋሼ በ2004 በዲቪ ሲያትል ሲገባ እኔ ገና ፊደል የምቆጥር ልጅ ነበርኩ። መጀመሪያ የመኪና ማቆሚያ ጠባቂ ሆነ፤ በኋላ ታክሲ መንዳት ጀመረ። ያ ከተማ የእኛ ሰው የሞላበት ነው፤ እንጀራም ቅዳሴም አይቸግርም። ከፈረንጁ ጋር ግን ምን ያውራ? እንግሊዝኛው ሰላምታ ላይ ያልቅበታል። መንገድ የከፈተለት ኳስ ነው። በታክሲው የሚሳፈረው ሁሉ ስለ ሶኒክስ ያወራል። እሱም «ትናንት አይተሃል?» ማለት ተማረ። በቃ፣ ሰው ሆነ! የመጀመሪያ የፈረንጅ ጓደኛውን ያፈራው በሶኒክስ ነው።

ሲያትል ሱፐርሶኒክስ የተመሠረተው በ1967 ነው። በ1979 በአሰልጣኝ ሌኒ ዊልከንስ የኤን ቢ ኤን ዋንጫ አነሳ። በ1996 እነ ጌሪ ፔይተንና ሾን ኬምፕ ለፍጻሜ አድርሰውት በማይክል ጆርዳን ቺካጎ 4 ለ 2 ተሸነፈ። ሽማግሌው አያቱ ከአባቱ ጋር ስላየው ጨዋታ ያወራል፤ የልጅ ልጁ ደግሞ ስለ ኬምፕ ዝላይ። አርባ አንድ የውድድር ዘመን እንዲህ ሆኖ ነው ያለፈው።

አንድ ቀን ወንድም ጋሼ ለእኔ አረንጓዴና ቢጫ ካናቴራ ላከልኝ። ለእኔ ቁመት ቀሚስ ሆነች። እሷን ለብሼ ነው በሰፈራችን ትምህርት ቤት ሜዳ ቅርጫት መወርወር የጀመርኩት። አስራ ሁለተኛ ክፍልን ስጨርስ ገና ልኬ ሆነች፤ እስከዚያ ግን የለበስኳት ቡድን ከምድር ጠፍቶ ነበር።

ቡድን እንዴት ይሸጣል?

እኛ አገር ክለብ ሊፈርስ ይችላል። አሜሪካ ግን የቡድን ባለቤት ዕቃውን ጠቅልሎ ወደ ሌላ ከተማ መሄድ ይችላል፤ እንደ ሱቅ በሉት። የሶኒክስ ባለቤት ደግሞ ማን ነበር? የስታርባክሱ ሃዋርድ ሹልትስ ከሸሪኮቹ ጋር። አዎ፣ ያው በ2006 እና በ2007 በሐረር፣ በሲዳሞና በይርጋጨፌ ቡና ስም ከአገራችን ጋር ሲከራከር የነበረው ድርጅት አለቃ። እነ ሹልትስ የቡድኑ ሜዳ እንዲታደስ የመንግሥት ገንዘብ ጠየቁ፤ ሳይሆን ሲቀር በ2006 ቡድኑን በ350 ሚሊዮን ዶላር ሸጡት። ገዢዎቹ በክሌይ ቤኔት የሚመሩ የኦክላሆማ ሀብታሞች ናቸው።

ገዢዎቹ መጀመሪያ «ቡድኑን ሲያትል ለማቆየት እንጥራለን» አሉ። ከዚያ 500 ሚሊዮን ዶላር የሚፈጅ አዲስ አዳራሽ እንዲሠራላቸው ጠየቁ። የዋሽንግተን ግዛት ምክር ቤት እሺ አላለም። በ2007 ከባለቤቶቹ አንዱ ኦብሪ ማክሌንደን አፉን ጠበቅ ማድረግ አቅቶት ቡድኑን የገዙት ሲያትል ሊያቆዩት እንዳልሆነ ለአንድ የኦክላሆማ ጋዜጣ ተናገረ። ሊጉ 250,000 ዶላር ቀጣው። ሲያትሎች ግን ቅጣቱን ሳይሆን ንግግሩን ነው እስከ ዛሬ የሚያስታውሱት። አያስታውሱ?

የመጨረሻው የሜዳቸው ጨዋታ ሚያዝያ 13 ቀን 2008 ከዳላስ ጋር ነበር። ሶኒክስ 99 ለ 95 አሸነፈ። ወንድም ጋሼ ያን ቀን ታክሲውን አቁሞ ገባ። ሕዝቡ «ሶኒክሳችንን አድኑልን» እያለ ሲጮህ አብሮ ጮኸ። «አገሬን ጥዬ ስወጣ ያላለቀስኩትን ያን ቀን አለቀስኩ» ብሎኛል።

ከተማዋ የሜዳው ኪራይ ውል እስከ 2010 ነው ብላ ከሰሰች። ፍርዱ ሊሰጥ በነበረበት ቀን፣ ሐምሌ 2 ቀን 2008፣ ታረቁ፤ ገዢዎቹ 45 ሚሊዮን ዶላር ሊከፍሉ፣ የሶኒክስ ስምና ቀለም ለሲያትል ሊቀር። ቡድኑ ኬቪን ዱራንት የሚባለውን ገና የአንድ ዓመት ወጣት ኮከብ ይዞ ሄደ። ስሙም ተንደር ሆነ፤ ነጎድጓድ ማለት ነው። ሹልትስ በ2019 ባሳተመው መጽሐፍ መሸጡ ስህተት እንደነበር አምኗል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ!

የኦክላሆማስ ሰው ምን አጠፋ?

እስከዚህ ስታነቡ ኦክላሆማን የጠላችኋት እንደሆነ አልፈርድባችሁም። እኔም በወንድም ጋሼ አፍ ስሰማት ኦክላሆማ የቀማኛ አገር ትመስለኝ ነበር። ግን አንድ ሰው ከሌላው ጋር ተጣልቶ ሲመጣባችሁ የሁለቱንም ሳትሰሙ አትፍረዱ እያልኩ በዚህ ገጽ ስንቴ መከርኳችሁ? እንግዲህ የሌላውንም ስሙ።

መካከለኛው ወንድሜ በ2014 እሱም ዲቪ ደረሰው። የሄደው ግን ወደ ታላቁ ሳይሆን ወደ ኦክላሆማ ሲቲ ነው፤ አንድ የሠፈራችን ልጅ እዚያ ነበረ፣ የቤት ኪራዩም ከሲያትል ጋር አይወዳደርም። እዚያ ሽማግሌዎችን በሚጦር ቤት ተቀጠረ። ሐበሻ እንደ ሲያትል በየመንገዱ አይገኝም። ብቸኝነቱ አናቱ ላይ ወጣ። ታዲያ ምን አዳነው? አንድ የሰማንያ ዓመት አዛውንት ፊቱን ሲያጥብላቸው «ትናንት ተንደርን አይተሃል?» አሉት። አላየም ነበር። በማግስቱ አየ። ከዚያ ወዲያ በየጠዋቱ ከሽማግሌዎቹ ጋር የሚያወራው አገኘ።

ስለ ኦክላሆማ የነገሩትንም ለእኔ ነገረኝ። በ1930ዎቹ ድርቅና የአቧራ ማዕበል ገበሬውን ሲያፈናቅለው ብዙ የኦክላሆማ ሰው ወደ ካሊፎርኒያ ተሰደደ። እዚያ «ኦኪ» እያሉ ይሰድቧቸው ነበር፤ እኛ አንዱን ባላገር ብለን እንደምናሸማቅቀው። በሚያዝያ 19 ቀን 1995 ደግሞ በከተማዋ መካከል በፈነዳ ቦምብ 168 ሰው ሞተ፤ ከነዚያ 19ኙ ሕፃናት ነበሩ። የአሜሪካ ሰው ኦክላሆማን የሚያውቃት በአቧራና በቦምብ ሆነ። ከአራቱ ታላላቅ የአሜሪካ ሊጎች በአንዱም የራሷ ቡድን አልነበራትም። የኮሌጅ ኳስ ነበር፤ እሱም ሕዝቡን ለሁለት ይከፍለዋል፣ ግማሹ ለኦክላሆማ ዩኒቨርሲቲ፣ ግማሹ ለኦክላሆማ ስቴት።

በ2005 ካትሪና የተባለው ማዕበል ኒው ኦርሊንስን ሲያጥለቀልቅ የዚያ ከተማ ቡድን ሆርኔትስ ለሁለት የውድድር ዘመን ኦክላሆማ ሲቲ ተጠግቶ ተጫወተ። ሕዝቡ አዳራሹን ሞላው። «ለካ እኛም እንችላለን!» አሉ። በመጋቢት 2008 አዳራሹን ለማደስ በሚገዙት ዕቃ ላይ በመቶ አንድ ግብር እንዲከፍሉ ራሳቸው ድምፅ ሰጡ። ቡድኑ ሲመጣ በሁለቱ ኮሌጆች የተከፋፈለው ሕዝብ አንድ ማልያ ለበሰ። አዲስ የሚመጣ ተጫዋች ሁሉ ያን የቦምብ መታሰቢያ እንዲጎበኝ ይደረጋል፤ ለማን እንደሚጫወት እንዲያውቅ።

እንግዲህ ንገሩኝ፣ ያ ፊቱን የሚታጠብ አዛውንት ከማን ምን ሰረቀ? ውሉን እሱ አልፈረመም። የታክሲ ሾፌሩ ወንድሜም አልሸጠም። የሸጡትና የገዙት ሌሎች ናቸው። ቂሙ ግን የተረፈው ለሾፌሩና ለአስታማሚው ነው።

«እሰይ!»

ጠቡ የተነሳው በሐምሌ 2016 ነው። ኬቪን ዱራንት ኦክላሆማን ትቶ ወደ ጎልደን ስቴት ሄደ። ማልያውን ያቃጠሉ ነበሩ። ወንድም ጋሼ ስልክ አነሳና ደወለ። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ፤ «እሰይ! ቅመሷት! የተቀማ ሰው እንዲህ ነው የሚሰማው!» አለው።

መካከለኛውም ቀን ጨልሞበት ነበርና «አንተ ስምንት ዓመት ሙሾ የምታወርድ፣ ከተማህ ለአዳራሽ ሳንቲም አላወጣም ብሎ አይደል የሸጣችሁት? የከፈለ ወሰደ!» አለ።

«የከፈለ? የአንተን የአውሮፕላን ቲኬት ማን ከፈለ?»

አለቀ። ከዚህ በኋላ የተባባሉትን አልጽፈውም። እኔ የሁለቱንም ለየብቻ ሰምቻለሁ፤ ቃሉ አንድ ነው፣ መጀመሪያ ማን ሰደበ የሚለው ብቻ ይለያያል። ዘጠኝ ዓመት ተዘጋ።

የኪዳነ ምሕረት ሌሊት

ሰኔ 16 ቀን 2017፣ በእኛው አቆጣጠር፣ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ነቅቼ በስልኬ ጨዋታውን ከፈትኩ። በእነሱ ሰኔ 22 ቀን 2025፣ እሁድ ማታ ነው። ኦክላሆማና ኢንዲያና ሦስት ለሦስት ሆነው ሰባተኛውና የመጨረሻው ጨዋታ። የኢንዲያናው ኮከብ ሃሊበርተን ገና በመጀመሪያው ሩብ ተጎድቶ ወጣ። ሻይ ጊልጀስ አሌክሳንደር 29 ነጥብ አገባ። 103 ለ 91! ኦክላሆማ የመጀመሪያ ዋንጫዋን በላች። ያን ዓመት 68 ጨዋታ ያሸነፈ ቡድን ነበር።

እማዬ ኪዳነ ምሕረትን ልትሳለም ነጠላዋን እያደገደገች ነው። የእሷ ስልክ ጮኸ፤ መካከለኛው! ከጀርባው ጩኸቱ፣ ክላክሱ፣ ሌላ ነው። «እማዬ በላን! በላን!» ይላል። እሷ ደግሞ «ምን በላችሁ ልጄ?» ትላለች።

እኔ በዚያው ቅጽበት ምን እንዳሰብኩ አላውቅም፣ በእኔ ስልክ ለወንድም ጋሼ ደወልኩ። በመጀመሪያው ጥሪ አነሳ።

«አየኸው?» አልኩት።

«አላየሁም» አለ። ትንሽ ዝም ብሎ «ያ ሦስተኛው ሩብ ላይ ነው የጨረሷቸው» አለ። አላየም እንግዲህ!

«ወንድም ጋሼ፣ እሱ በእማዬ ስልክ ላይ ነው።»

ዝም። እማዬ የሰማችው ይመስለኛል፣ ስልኬን ከእጄ ቀማችኝ። ሁለቱንም ድምፅ ማጉያ ላይ አድርጋ ረከቦቱ ላይ ፊት ለፊት አጋደመቻቸው። «በሉ፣ እኔ ወደ ቤተ ክርስቲያን ልሄድ ነው። ተቀይማችሁ እንዳትልኩኝ» አለች። ከበሩ ግን አልተንቀሳቀሰችም።

ለረጅም ጊዜ የተሰማው የኦክላሆማ ክላክስ ብቻ ነው። ከዚያ ትልቁ «እንኳን ደስ ያለህ» አለ።

«አመሰግናለሁ ጋሼ።» የታናሽየው ድምፅ ሟሟ።

«ግን ሁለተኛ ዋንጫችሁ እንዳትሉ። የ1979ኙ የእኛ ነው።»

«የእናንተው ነው። እኛ አዳራሻችን ውስጥ አልሰቀልነውም።»

ይሄ እውነት ነው። የሊጉ መዝገብ የ1979ኙን ዋንጫ ከኦክላሆማ ቡድን ታሪክ ጋር ቢያያይዘውም፣ ተንደሮች የዚያን ዋንጫ ባንዲራ አልሰቀሉም። የሰው ትዝታ እንደማይገዛ የገባቸው ይመስላል።

ከዚያ ወንድም ጋሼ እኔ በሕይወቴ ያልሰማሁትን ነገር ተናገረ። «እኔ እኮ አልጋ ገዝቼልህ ነበር» አለ። «በ2014። ክፍሉንም ቀለም ቀብቼው። ኦክላሆማ እሄዳለሁ ስትለኝ… ቡድኔንም ወንድሜንም አንድ ከተማ ወሰደችብኝ።»

ታናሹ «ጋሼ፣ እኔ ሸክም እንዳልሆንብህ ነው የሄድኩት። ቲኬቱን ከፍለህልኝ ደግሞ ቤትህ ልዘፈዘፍ?» አለ።

ይኸው ነው! ዘጠኝ ዓመት ስለ ሶኒክስ የተጣሉት ስለ አንድ አልጋ ነበር። እማዬ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠርጋ ወጣች።

ከዚህ ምን ይዘን እንሂድ?

እንዳታስቡ፣ አሁን ሁሉ ነገር ማር አልሆነም። ወንድም ጋሼ ኦክላሆማ ናልኝ ሲባል «እግሬን አላነሳም» ይላል። ግን እሁድ እሁድ ይደዋወላሉ፤ እማዬም መዋሸት አቁማለች።

ስለዚህ ወጣት አንባቢዎቼ፣ እኔ የተማርኩትን ልንገራችሁ።

አንደኛ፣ ቂም ሲይዛችሁ አድራሻውን አጣሩ። ሲያትልን የጎዳት ማን ነው? ሻጩ፣ ገዢውና ሊጉ። ስድቡ የሚወርደው ግን ማልያ ለብሶ አውቶቡስ የሚጠብቀው ሰውዬ ላይ ነው። እኛም ስታዲየም ገብተን ኳስ የሚመስለው ነገር ኳስ ሳይሆን ሲቀር አይተናል። የጊዮርጊስና የቡና ደጋፊ በአንድ ቤት፣ በአንድ ትሪ ሲበላ አይተናል፤ በአንድ ሰው ጥፋት አንድ አገር ሰው ሲሰደብም አይተናል። ልዩነቱን እናውቃለን፤ በንዴት ሰዓት ብቻ ይጠፋናል።

ሁለተኛ፣ ደስ ያላችሁ ሰዎች፣ ያዘነውን «ተወው፣ አለፈ» አትበሉት። ኦክላሆማ መደሰቷ ነውር የለበትም። «የከፈለ ወሰደ» ማለት ግን ነውር ነው። ደግሞ ለነገው ማን ዋስ አለው? በታኅሣሥ 2023 የኦክላሆማ ሲቲ ሕዝብ ቢያንስ 900 ሚሊዮን ዶላር ለሚፈጅ አዲስ አዳራሽ ግብር እንዲከፍል በሰፊ ድምፅ ወስኗል። ለምን ይመስላችኋል? ከቀረ ምን እንደሚሆን በሲያትል አይተውታላ!

ሦስተኛ፣ እናንተ ያዘናችሁ፣ ሐዘናችሁ እውነት ነው። በሌላው ኪሳራ «እሰይ» ስትሉ ግን ያጣችሁት አይመለስም፤ ያላችሁን ታጣላችሁ። ወንድም ጋሼ በአንዲት «እሰይ» ዘጠኝ ዓመት ከፍሏል።

አራተኛና ዋናው፣ ከፍቅረኛችሁ፣ ከጓደኛችሁ፣ ከወንድማችሁ ጋር በማይረባ ነገር ዓመት ከተኳረፋችሁ ነገሩ ያ እንዳልሆነ እወቁ። በሆነ ቦታ ያልተተኛበት አልጋ አለ። ቶሎ ጠይቁ።

እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ ግን ሌላ ነው። ያ አንድ ቡድን፣ መጀመሪያ በሲያትል እንግሊዝኛ ያቃተውን ታክሲ ነጂ ሰው አደረገው። ቀጥሎ በኦክላሆማ ብቸኝነት የበላውን አስታማሚ ሰው አደረገው። ሁለቱን የአንድ እናት ልጆች በባዕድ አገር ተቀብሎ ያስተናገዳቸው ያው አንድ ቡድን ነው። አላወቁትም እንጂ በአንድ ቤት ነበር ያደሩት።

ያቺ አረንጓዴ ካናቴራ? እማዬ ለረከቦት መወልወያ አድርጋት ነበር። ከዚያ ሌሊት ወዲህ አጥባ አስቀምጣታለች። «የጋሼሽ ናት» ትላለች። እኔ እንኳ እንዳልነካት ከልክላኛለች።

ቸር ይግጠመን፣ ሳምንት እንገናኝ!